ሐኪሟ የጠየቀችው

እንደምን ሰነበታችሁ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ ስለ ወር አበባ ሕመም ነው የማወራችሁ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በየወሩ ሁለት ቀን መሬት ላይ ተጠቅልዬ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልቼ በፎጣ እየጠቀለልኩ ሆዴ ላይ አጣብቄ እውል ነበር። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ከሚጽፍበት ካርድ ቀና ሳይል «ጭንቀት ነው፤ ስትወልጂ ይተውሻል» አለኝ። በቃ። ሌላ ጥያቄ የለም።

ስለ ታን ዩንሺያን ሳነብ ያ ቀን ነው የመጣብኝ። በ1461 የተወለደች ቻይናዊት ሐኪም ናት፤ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሙያውን ከአያቷ ተምራ፣ ሃምሳ ዓመት ሲሆናት ያከመቻቸውን የ31 ሰዎች ታሪክ ጻፈች። ከነሱ አንዷ ሦስት ወር ሙሉ ደም አልቆም ያላት ሴት ናት። ታን ኑሮዋን ጠየቀቻት። ለካ የሴትዮዋ ቤተሰብ መተዳደሪያ የሸክላ እቶን ነው፤ እሷም እስከ ሌሊት ድረስ ስትሸከም ነው የምትውለው። ይህም ከመድኃኒቱ ጋር ተጻፈ።

በቻይና ባህላዊ ሕክምና ደም የሚያከማቸው ጉበት ነው፤ ቺ የሚሉት የሕይወት ኃይል እንደ ልብ እንዲፈስ የሚያደርገውም እሱ ነው። ንዴት ሲታመቅ ቺ ይቋጠራል፤ ጡት ይወጠራል፣ ወሩ ይዛባል፣ ሲመጣም ያማል ይላሉ። ለዚህ ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ጀምሮ የሚታወቅ ቅመማ አላቸው፤ ዝንጅብልና ናና ይገባበታል። ስሙ ሺያው ያው ሳን ነው፤ ያለ ሐሳብ መንሸራሸር እንደማለት። ስሙን በጣም ወድጄዋለሁ። እኛ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ስንቱን ፈጀው?

ጉበት እንዲህ ይሠራል ብዬ አልከራከርም። ጭንቀት ግን ከአንጎል የሚነሣውን የሆርሞን ትእዛዝ አዛብቶ ወር አበባን ሊያዘገይ፣ ጭራሽም ሊያስቀር ይችላል። ሕመሙ የሚጠና፣ ደሙ የሚበዛባችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ ተመርመሩ። እኔን ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም አልትራሳውንድ አዝዛልኝ ማዮማ የሚሉት፣ ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ ተገኘብኝ።

የመጀመሪያው ሐኪም ጭንቀት ማለቱ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ጭንቀት ብሎ ካርዱን መዝጋቱ ነው። ታን እኮ ከዚያ ነበር የምትጀምረው። ቢጠይቀኝ ኖሮ የምነግረው ነበረኝ። አባቴ ካረፈ አምስት ወሩ ነበር። የለቅሶውን እንግዳ ሳስተናግድ፣ እናቴን ሳባብል፣ አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጌ አላለቀስኩም ነበር።