ሠራተኛው ስንት ሰዓት ይምጣ? በኪራይ ቤት የጥገና ቀጠሮ አያያዝ

[ምስል፦ የኩሽና ግድግዳ። ጥግ ላይ ጠርዙ የጠቆረ ሶኬት። ከሥሩ በነጠላ የተሸፈነ የሊጥ ባልዲ።]

ይህ ሶኬት ዛሬ መቀየር አለበት። ባልዲው ውስጥ ያለው ሊጥ ደግሞ ጠዋት አብሲት ተጥሎበታል። ኤሌክትሪሺያኑ 4 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ሊጡም 4 ሰዓት ላይ ኩፍ ብሎ ምጣድ ይጠይቃል። አከራይዋ ሠራተኛ ሲጠሩ አላጠፉም፤ ተከራይዋም «ይምጣ» ስትል አላጠፋችም። ስለ ሊጡ ግን ማንም አልጠየቀም።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የኪራይ ቤት ጥገና የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የሠራተኛው ሙያ ሳይጎድል ሰዓቱ ከቤተሰቡ ኑሮ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ሠራተኛው ከሚገባበት ሰዓት አትነሱ። ኩሽናው፣ ሽንት ቤቱ ወይም መኝታ ቤቱ ተመልሶ ከሚፈለግበት ሰዓት ተነሱና ወደ ኋላ ቁጠሩ።

[ምስል፦ አዲስ የተተከለ የሽንት ቤት መቀመጫ። ሥሩ ላይ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው።]

ይህን መቀመጫ ነቅሎ ለመትከል ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃል። ሥሩ ያለው ሲሚንቶ ግን ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይነካ መዋል አለበት። ቶሎ ከተቀመጡበት ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ከሳምንት በኋላ መነቃነቅ፣ ከወር በኋላ መሽተት ይጀምራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች ብርዱ ሲሚንቶውን ያዘገየዋል፤ በክረምት ሁለት ቀን ብትሰጡት ይሻላል። እንግዲህ ቅዳሜ በቤታችሁ ሰደቃ ወይም ማኅበር ካለ ሥራው ቢዘገይ ሐሙስ ጠዋት ይጀመር። «ዓርብ ከሰዓት ይጨርሳል» የሚለው የሠራተኛው እውነት ነው፤ ለእናንተ ግን አይሠራም። ያን ዕለት ቤተሰቡ የማንን ሽንት ቤት እንደሚጠቀምም ከጎረቤት ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በተለይ አዛውንት ወይም አራስ ካለች ይህን በዋዜማው ማታ መጠየቅ ያሳፍራል።

ወደ ሶኬቱ እንመለስ።

[ምስል፦ የተፈታ ሶኬት በቅርበት። የሽቦው ጫፍ ጠቁሯል፣ ፕላስቲኩ ተሸብሽቧል።]

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ይስባል። 3,500 ዋት ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ግድም ይመጣል። ተራው ሶኬት የሚችለው ጣራው ይኸው 16 ነው። ላይ በላዩ ሲጋገር ይግላል፣ ሲግል የሽቦው ብሎን ይላላል፣ የላላው ብሎን ደግሞ የባሰ ይግላል። ስለዚህ «ሶኬት ቀይርልን» ብቻ ብላችሁ አትጥሩ። የተቃጠለው የሽቦ ጫፍ መዳቡ እስኪያበራ ድረስ ካልተቆረጠ አዲሱም ሶኬት ብዙ ሳይቆይ ይጠቁራል። ከብሬከሩ እስከ ምጣዱ ያለው ሽቦ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ለምጣድ ብቻ የሚሆን ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ አዲስ መስመር ከራሱ ብሬከር ጋር ይዘርጋ።

ይህን ልዩነት ቀድሞ ማወቅ ለቀጠሮው ይጠቅማል። ሶኬትና ጫፍ ብቻ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ያልቃል። አዲስ መስመር ከሆነ ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ ግድግዳ ይበሳል፣ አቧራ ይነሣል። ሠራተኛው ሳያይ ይህን መለየት ስለማይችል የሶኬቱን፣ የብሬከሩንና ሽቦው የሚሄድበትን ግድግዳ ሦስት ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት። ፎቶ ስታነሡ ምጣዱን ንቀሉ፤ የጠቆረውን ሶኬት በእጃችሁ አትነካኩ። ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመርና የታሸገው ቆጣሪ የመብራት ኃይል ሥራ ነው፤ የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ማኅተሙን እንዲነካ አታድርጉ።

አሁን ሊጡ። ቡሆው ከተቦካ ሁለት ሦስት ቀን ይታገሣል። አብሲት ከተጣለበት በኋላ ግን ሰዓታት ነው ያላችሁ፤ ካለፈ ይመራል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ስለዚህ ቀጠሮው ከመጋገሪያው ቀን ማግስት ይሁን፤ እንጀራው በመሶብ፣ ምጣዱ በእረፍት ላይ ነው። የጋራ ቆጣሪ ባለበት ግቢ ደግሞ ብሬከር ሲወርድ የሚጠፋው የእናንተ ቤት ብቻ አይደለም። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ጎረቤት ካለች የእሷ ቀን ከእናንተ ይቀድማል፤ ገበያዋ ነውና።

[ምስል፦ ሳራቺኔስካ (የውኃው መስመር መዝጊያ) ሲዘጋ። ከኋላ ሮቶ።]

ውኃው ሌላ ጣጣ አለው። በፈረቃ የምታገኙ ከሆነ «የውኃ ቀን ነው፣ አይምጣ» ማለት የተለመደ ነው። ለጎሚኒ (የቧንቧው የላስቲክ ማሸጊያ) ቅየራ ግን የተሻለው ቀን እሱ ነው፤ ቧንቧው መንጠባጠብ ማቆሙ የሚታወቀው ግፊት ሲኖር ብቻ ነውና። ደረቅ ቀን የተሠራ ቧንቧ ሁሉ ጥሩ ይመስላል፤ ሌሊት ውኃ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚወጣው። አዋጩ መንገድ ጠዋት መጀመሪያ ጀሪካኑንና ሮቶውን መሙላት፣ ከዚያ ሳራቺኔስካውን ዘግቶ ማሠራት፣ ከፍቶ መፈተሽ ነው።

ቱቦው ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ሆኖ ከተሰነጠቀ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፒፒአር በጋለ ማሽን ቀልጦ ነው የሚጋጠመው። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፤ ቱቦው ውስጥ ጠብታ እንኳ ካለ እንፋሎት ሆኖ መጋጠሚያውን ያሳሳዋል። ስለዚህ ለሥራው መብራት ያለበት፣ ውኃ ግን የሌለበት ሰዓት ያስፈልጋል። ከተጋጠመ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ በግፊት ይሞከራል፤ መስመሩ ደረቅ ከሆነ ከሮቶው ውኃ ይለቀቅበት። የመብራት ፕሮግራም ከተነገረ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት እዩት። ሠራተኛው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚመጣ ከሆነ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ መንገዱ ላይ ባለው የሐረጎ ተራራ ጉም ሲወርድ መኪና ቀስ ይላል። በክረምት ከ3 ሰዓት በፊት አትቅጠሩት።

ያረጀውን ጎሚኒ አትጣሉ። ለሱቁ ናሙና ነው፤ «የግማሽ ኢንች» ብቻ ብሎ የሄደ ሰው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፣ ያ ምልልስ ደግሞ የእናንተን ግማሽ ቀን ነው የሚበላው።

[ምስል፦ የቆርቆሮ ጣሪያ ከላይ። ሚስማሮች በሞገዱ አናት ላይ።]

ጣሪያን በተመለከተ ወሎ ሁለት ዝናብ እንዳለው አትርሱ። ክረምቱን ብቻ የሚያስብ አከራይ «ግንቦት ላይ እናየዋለን» ይላል፤ በልጉ ግን ከየካቲት ጀምሮ ሊያበሰብሳችሁ ይችላል። ሰፊው ደረቅ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ያኔ ቀጠሮ ያዙ። ሰዓቱም ከ4 ሰዓት በኋላ ይሁን። ደሴ ላይ ጠዋት ቆርቆሮው ጤዛ ይይዛል፤ ያንሸራትታል፣ ሲሊከንም እርጥብ ላይ አይጣበቅም። ኮርኒሱ ላይ የሚታየው እድፍ ቀዳዳው በላዩ ነው ማለት አይደለም፤ ውኃው የቆርቆሮውን ቁልቁለት ተከትሎ ርቆ ይወርዳል። ስለዚህ ሠራተኛው ከሚሠራበት ክፍል ሽቅብ ያለውን ክፍልም ባዶ አድርጉለት። አቡጀዴ ኮርኒስ ከሆነ የዓመታት አቧራ አለበት። መዶሻ ሲያርፍ ሁሉም ይወርዳል፤ ሕፃን የሚተኛበት አልጋ ከዚያ ይነሣ።

በክረምት አብጦ አልዘጋ ያለ የእንጨት በር ደግሞ ነሐሴ ላይ አይላግ። ታኅሣሥ ላይ ይሸበሸብና ብርድ ያስገባል። ቀለም ከሆነ የዘይት ቀለም ሽታው በአንድ ቀን አይለቅም፤ አራስ ወይም አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይቆይ።

[ምስል፦ ደብተር ላይ በእጅ የተሠመረ የሳምንት ሰንጠረዥ።]

አሁን የቤቱን ሳምንት ጻፉ። ጥገናውን አትጻፉ፤ ኑሮውን ጻፉ። ልጆቹ በፈረቃ የሚማሩ ከሆነ ስንት ሰዓት ይወጣሉ፣ ስንት ሰዓት ይገባሉ? ኮምቦልቻ ፋብሪካ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ካለ ጠዋት የእሱ ሌሊት ነው፤ ግድግዳ የሚበሳ ሥራ ከ8 ሰዓት በኋላ ይሁን። ዓርብ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ለጁምዓ ባዶ ይተው፤ ሠራተኛው ባይሰግድ እንኳ አከራዩ ወይም ዕቃ ሻጩ ሊሄዱ ይችላሉ። በረመዳን ኩሽና የሚነካ ሥራ ከ9 ሰዓት በፊት ይለቅ፤ ከዚያ በኋላ ሾርባና ሳምቡሳ ነው ኩሽናውን የሚይዘው። በየወሩ በ12፣ በ19፣ በ21 ከባድ ሥራ የማይሠራ ባለሙያ ብዙ ነው፤ በመስከረም 21 ዋዜማና ማግስት ደግሞ ግሸን የሚሄደው ስለሚበዛ ያን ሳምንት ባትነኩት ይመረጣል።

ለቅሶ ከመጣ ቀጠሮው በራሱ ይፈርሳል፤ ማንም አይቀየምም። የሚያስቀይመው ሠራተኛው ዕቃውን ተሸክሞ መጥቶ በተዘጋ በር መመለሱ ነው። ስለዚህ ስትቀጥሩ ሁለት ቀን ያዙ፦ ዋናውንና ተተኪውን።

ከዚያ ለአከራዩ የሚላከው መልእክት አጭርና ሙሉ ይሁን። ለምሳሌ፦

[ምስል፦ በስልክ ስክሪን ላይ የሚጻፍ መልእክት።]

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ። የኩሽናው የምጣድ ሶኬት ጠቁሯል፣ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። እስኪሠራ ምጣዱን አንሰካም። ረቡዕ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቤት አለሁ፣ ካልሆነ ሐሙስ በዚያው ሰዓት። ማክሰኞ ጋግረን እንጨርሳለን። ዕቃውን እርስዎ ይገዛሉ ወይስ እኔ ገዝቼ ደረሰኙን ላቅርብ?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ጭቅጭቁም ከእሷ ነው የሚነሣው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱን በደህና ሁኔታ የማቆየት ግዴታን በአከራዩ ላይ ይጥላል። እንደ በር፣ መስኮትና ቧንቧ ያለው ጥቃቅን ጥገና ግን እንደ ውሉ በተከራዩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ፣ ከሥራው በፊት።

አከራዩ ዓረብ አገር ካሉ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። የሳዑዲ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ግን «3 ሰዓት» ያላችሁትን እዚያ የለመደ ሰው ከሰዓት በኋላ አድርጎ ሊሰማው ይችላል። «ጠዋት 3፣ በዚያ 9» በሉ። ወኪላቸው ቁልፍ ካለው ደግሞ ማንም ሰው በሌለበት እንዳይገባ አስቀድማችሁ በጨዋ አነጋገር ንገሩት፦ «ጋሼ፣ እኔ ወይም እናቴ ሳንኖር ባይከፈት ደስ ይለኛል፤ ሲመጡ ደውሉልኝ።» ቤት የሚቆየው ሰው ልጅ አይሁን። ብሬከሩና ሳራቺኔስካው የት እንደሆኑ የሚያውቅ፣ «በቃ፣ ይህን አትንካ» ማለት የሚችል ትልቅ ሰው ይሁን።

ሠራተኛው ካልመጣ ቀኑን ሙሉ ታግታችሁ አትዋሉ። ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ አንድ ጊዜ ደውሉ። አንድ ሰዓት ካለፈ ወደ ተተኪው ቀን አዙሩትና ለአከራዩ በዚያው ሰዓት ጻፉላቸው፤ ማታ ሲጻፍ ሰበብ ይመስላል።

መጥቶ ከጨረሰ ደግሞ ሂሳቡ ከመከፈሉ በፊት ፈትሹ። ምጣዱን ሰክታችሁ ሃያ ደቂቃ አግሉት፤ ከዚያ ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ ነቅላችሁ፣ የእጅ ጀርባችሁን ወደ ሶኬቱ ፕላስቲክ አስጠጉ። ለብ ካለ ምንም አይደለም። የሚያቃጥል ከሆነ ብሎኑ አልጠበቀም፤ ሠራተኛው ዕቃውን ወደ ሳጥኑ ሳይመልስ አሳዩት።