አሞራ ገደልስ ወዳጅ አለው፣ ቸለለቃን ማን ያንሳው?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

እዚህ ሐዋሳ «አረንጓዴ ቦታ ተከልሎ ይጠበቅ» ሲባል የሁላችንም ሐሳብ የሚሮጠው ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ነው። አይፈረድብንም። ጉሬዛው ዛፉ ላይ ነጭ ጭራውን ለቆ ቁልቁል ያያችኋል። አባ ኮዳ የምንለው ትልቁ ወፍ ዓሣ ከሚያጸዱት ልጆች አጠገብ እንደ ዘበኛ ተገትሮ የቆሮሶ አንጀት እስኪወረወርለት ይጠብቃል። ጦጣዋማ እጃችሁ ላይ ያለውን ሙዝ ካየች አለቀ። ቦታው ፎቶ ላይ ያምራል፣ እንግዳ ይወስዱበታል። ተሟጋች አያጣም።

እኔ ግን ቅድሚያ ለቸለለቃ እላለሁ። አዎ፣ ለረግረጉ! ድሮ ሐይቅ ነበር። ደለሉ እየሞላው፣ ውኃው እየሸሸ፣ ዛሬ አብዛኛው ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። ከምሥራቁ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች እዚያ ይገባሉ። ከዚያ ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ተቀብሎ ወደ ሐይቃችን ያደርሳቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ሳይደርቅ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ወንዝ እሱ ብቻ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለም። ስለዚህ የገባ ደለል ገባ ነው፣ መውጫ የለውም። ቆሻሻውም ያው።

ታዲያ ያ ረግረጉ ላይ የሚበቅለው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ፊላ ምን ይሠራል? ውኃውን ያዘገየዋል። ውኃ ሲዘገይ የተሸከመውን አፈር እዚያው ያራግፋል። ሥሩ ደግሞ ከእርሻ ታጥቦ ከመጣው ማዳበሪያ የሚችለውን ያህል ይመጥጣል። ፊላው ተመንጥሮ ካለቀ ያ ሁሉ ቀጥ ብሎ ሐይቁ ውስጥ ነው። ያኔ ቆሮሶውም አምባዛውም የት ይደርሳል? አባ ኮዳውስ ማን ያበላዋል?

«እሺ፣ ይታጠርና ጥበቃ ይቀጠር» የሚል ይኖራል። እሱ ላይ አልስማማም። ሰንቀሌን እዩት። ለቆርኬዎቹ መጠለያ ተብሎ ተከልሎም የግጦሹ ግፊት አልቀረላቸውም። ቸለለቃ ዙሪያም ከብት የሚያግድ፣ ሣር አጭዶ የሚሸጥ ሰው አለ። እሱን አባርሮ ጥበቃ የለም፤ ሌሊት ይመለሳል፣ እኔም ብሆን እመለሳለሁ።

እኔን የሚያሳምነኝ በእኛው አገር በካፋና በያዩ የተያዘው መንገድ ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነው ተመዝግበዋል። እዚያ መሃሉ አይነካም። ዙሪያው በልክ ይሠራበታል። ከዚያ ወዲያ ሰው ይኖራል፣ ያርሳል። ቸለለቃ ላይም ፊላው የቀረበትን መሃሉን ለይቶ፣ ዳር ዳሩን በወቅት ለአጫጆቹ መተው ይቻላል። ወሰኑ ሲሰመር ግን አጫጆቹ ራሳቸው ስብሰባው ላይ ይቀመጡ። እነሱ ካልተጠሩ እኔም ድጋፌን አነሳለሁ።

በሉ፣ ሳምንት ሰው ይበለን።