መድረኩ እዚሁ አዳማ ይሁንልን

የተከበራችሁ የሠፈራችን አባቶችና እናቶች፣ ከአዲስ አበባ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

እኔ የእድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። የማውቀው ነገር ቢኖር ወጪ መቁጠር ነው። ዛሬም የቆምኩት ለዚያው ነው።

የመብራት ታሪፍ ሲሻሻል ተጠቃሚው የሚናገርበት መድረክ በየከተማው ይዘጋጅ ስንል፣ «ወጪ አለው» እንባላለን። እውነት ነው፣ አለው። የባለሙያ አበል አለ። ነዳጅ አለ። አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ የሚያስተረጉም ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወይ ከግብሩ ወይ ከታሪፉ ነው የሚወጣው። ያው ከኛው ኪስ። አልክድም።

ግን ይህን አዳማ ላይ መስማት ትንሽ ያስቃል። ስብሰባ ሲባል መቼም መጀመሪያ የምትታሰበው አዳማ አይደለችም? ስንቱ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ነው ሠራተኛውን ጭኖ መጥቶ እዚህ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን «ስልጠና» የሚቀመጠው! ለነሱ ስብሰባ ቅርብ የሆነች ከተማ፣ ለኛ አቤቱታ ሲሆን እንዴት እንደምትርቅ አይገባኝም። ከሆቴሎቹ እንጀራ የምትበሉ እዚህ አላችሁ፤ እናንተን አልነካሁም፣ ሳቁ።

እስቲ እንቁጠር። ከዚህ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አምስት ባለሙያ በአንድ መኪና ቢመጣ፣ መኪናው 200 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ አለቀ። እኛ 200 ሰዎች ወደዚያ ብንሄድስ? በነፍስ ወከፍ ሲደመር 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ምድርን አንድ ዙር ዞርናት ማለት ነው! ትራንስፖርቱ፣ ምሳው፣ ተዘግቶ የሚውለው ሱቅ፣ የሚቀረው የቀን ሥራ በማንም በጀት ላይ አይጻፍም። ያልተጻፈ ደግሞ የለም ይባላል።

በርግጥ 200 ሰው አይሄድም። ሁለትም ከሄደ ጥሩ ነው። የሚቀረው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከቤቴ ጀርባ እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ ጎረቤት አለችኝ። ምጣዷ 3.5 ኪሎዋት ግድም ይስባል። በቀን 4 ሰዓት ስትጋግር 14 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የመጀመሪያው፣ ርካሹ የታሪፍ እርከን በወር እስከ 50 ድረስ ነው። በ4ኛው ቀን አለፈችው። ከቆጣሪዋ ሥር፣ ግድግዳው ላይ፣ ካርድ የሞላችበትን ቀንና ብሩን በከሰል ትጽፋለች። ባለፈው ቡና ልጠጣ ገብቼ አየሁት። ከላይ ወደ ታች ስታነቡት በቀኖቹ መሃል ያለው ርቀት እያጠረ ይመጣል። ቢሮ ተቀምጦ ይህን ግድግዳ ማየት አይቻልም።

ጭማሪ ለምን ተደረገ ብዬ አይደለም። እስከ 2011 ድረስ ታሪፉ ከ10 ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቷል። የመጀመሪያውን እርከን ኪሎዋት ሰዓት በ27 ሳንቲም እየሸጡ ትራንስፎርመር አይቀየርም። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ በየ3 ወሩ እየጨመረ ለ4 ዓመት እንዲዘልቅ ተወስኗል። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት ታሪፍን የሚመረምር ተቆጣጣሪ አለ። እንግዲህ የአቅራቢውን ስሌት ሲመረምር የጎረቤቴንም ስሌት ይይልን ነው የምለው።

ወጪው እንዲቀንስ እኛም እናግዛለን። ባነር ይቅር። ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር ይቅር። ቡፌም አያስፈልግም። ድንኳንና ወንበር እድራችን አለው፤ ቡናውን እናፈላለን። ከነሱ የምንፈልገው የታሪፉን ስሌት ነው። ከመድረኩ 15 ቀን ቀድሞ በሁለቱም ቋንቋ ይለጠፍልን። ሳናነብ መጥተን «መብራት ይጠፋብናል» ብቻ ብለን እንዳንመለስ።

ቀኑ ቅዳሜ ይሁን፣ ከ9 ሰዓት በኋላ። ከዚያ በፊት ጎረቤቴ ምጣድ ላይ ናት።

አመሰግናለሁ።