ታዲያ ይቺ መኪና የየት ሀገር ናት?

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? ዛሬ ባለፈው የጀመርነውን የጎማ ነገር እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። ጎማው ይቆይ። የአንዲት እህታችን የድምፅ መልእክት ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

አጭር ናት። «ጀርመን ናት ተብዬ ነው የገዛኋት። መስታወቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን በኤል ይጀምራል። ተሸውጄ ነው?» በቃ፣ ይህችን ብቻ። መኪናዋ ፎልክስዋገን አይዲ 6 የምትባለው የኤሌክትሪክ መኪና ናት። አዎ ወይም አይደለም ብሎ መመለስ ቀላል ይመስላል አይደል? እኔ ግን አንዱንም ደፍሬ ማለት አቃተኝ።

እስቲ ያቺን ቅጽበት ቀስ ብለን እንያት። ከውጭ ቆማ፣ በሾፌሩ በኩል ጎንበስ ብላ፣ የፊት መስታወቱን ታችኛ ጥግ እያየች ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አለች። እዚያ 17 ፊደልና ቁጥር ተደርድሯል፤ የመኪናው መለያ፣ ሻንሲ የምንለው። ቁጥሩን ሳታዩ ውል አትጨርሱ ለማለት፣ መጀመሪያ ሻንሲ፣ ከዚያ ሻይ እንባባል የለ? እሷ ከሻዩ በኋላ ነው ያየችው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፦ ኤል፣ ኤፍ፣ ቪ። ኤል ቻይና ናት። ሦስቱ አንድ ላይ ደግሞ ፎልክስዋገን ከቻይናው መኪና አምራች ከኤፍኤደብልዩ ጋር በሽርክና ያቋቋመው ድርጅት ነው፤ በዚያ ሽርክና ትልቁ ድርሻ፣ 60 በመቶው፣ የቻይናው ነው። ኤል፣ ኤስ፣ ቪ ቢሆን ኖሮ ሻንጋይ ያለው ሌላኛው ሽርክና፣ ከሌላው የቻይና አምራች ከኤስኤአይሲ ጋር ያለው ነበር። የጀርመን በደብልዩ ይጀምራል። የጃፓን በጄ፣ የኮሪያ በኬ። ሱዙኪ ዲዛየር ያላችሁ ሂዱና እዩት፤ ኤም፣ ኤ፣ 3 ይላል፣ ማለትም ሕንድ።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ እሷ እመለሳለሁ። በዚህ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉ ፊደላት አይገቡም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ። ኦ የመሰላችሁ ዜሮ ነው። በትክክል ኦ ከሆነ ግን ሰው ነካክቶታልና ከዚያ መኪና ራቁ። ደግሞ መስታወቱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ። የሾፌሩን በር ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ ያለውን ሰሌዳ፣ ከዚያ ላሜራው ላይ የተመታውን ቁጥር እዩ፤ ሦስቱን ከሊብሬውና ከጉምሩክ ወረቀቱ፣ ከዲክላራሲዮኑ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። አሥረኛው ቦታ ዓመቱን ይነግራችኋል፤ በቻይና መኪና ላይ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024 ነው። የአውሮፓዎቹ ይህንን ቦታ ለዓመት የመጠቀም ግዴታ ስለሌለባቸው እዚያ ላይ አትደገፉበት።

እና እህቴ... ጀርመን የተሠራ አይዲ 6 የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሻንጋይ ላይ የወጣው ለቻይና ገበያ ተብሎ ነው፣ የተሠራውም እዚያው ፎሻንና ሻንጋይ ነው። አይዲ 4 ቢሆን ጥያቄ ይኖረው ነበር፤ እሱ በጀርመን ዝዊካውና ኤምደን፣ በአሜሪካ ቻተኑጋ፣ በቻይናም ተመርቷል። እዚያ ላይ «የቱ ነው?» ማለት ይቻላል። አይዲ 6 ላይ ግን ደላላው «ጀርመን የተገጣጠመ» ካለ፣ ያለውን አያውቅም ወይም እያወቀ ነው።

ግን ቆይ። መኪናዋ የተሠራችበት መሠረት፣ ኤምኢቢ የሚሉት፣ የፎልክስዋገን የጀርመን መሐንዲሶች ሥራ ነው። ስሙ የእነሱ ነው፣ ዓርማው የእነሱ ነው። እና «ጀርመን ናት» ያለው ሰው ሙሉ በሙሉ ዋሽቷል ልበል? እዚህ ጋ ነው የምጨነቀው።

ብዙ ሰው ደግሞ መስታወቱ ላይ ክብ ውስጥ «ኢ 1» አይቶ «ይኸው ጀርመን» ይላል። ተጠንቀቁ። ያ ቁጥር መስታወቱን ወይም መብራቱን መርምሮ ያጸደቀው ሀገር ነው እንጂ የሠራው አይደለም። ኢ 1 ጀርመን አጸደቀችው፣ ኢ 4 ኔዘርላንድ፣ ኢ 43 ጃፓን። ቻይና ውስጥ የተሠራ መስታወት ኢ 4 ሊኖረው ይችላል፤ ኔዘርላንድን ግን አይቷት አያውቅም።

ቪትዝን አስቡት እስቲ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ 17 ቁጥር የለውም። ኬኤስፒ 90 ዓይነት ኮድ፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ሰባት አሃዝ፤ ሀገርም ዓመትም የማይናገር። ያችው መኪና ፈረንሳይ፣ ቫለንሲየን አጠገብ ባለው የቶዮታ ፋብሪካ ስትሠራ ያሪስ ተብላ፣ ቪ፣ ኤን፣ ኬ ይመታባታል። ገበያው ላይ «ኦሪጅናል ጃፓን» እያልን የምንከራከርባቸው ሁለቱ እህትማማች ናቸው። መሪው ወደ ግራ የዞረ ቪትዝ ውስጥ ተቀምጣችሁ ዝናብ ሲመጣ ልብ በሉ፤ ዋይፐሮቹ ብዙ ጊዜ አሁንም ለቀኝ መሪ በተሠሩበት አቅጣጫ ነው የሚጠርጉት፣ የማይጠረገው ጥግ የሚቀረው በሾፌሩ በኩል ነው። የመሪ ጥርሱን ስትገዙ ታዲያ ለቪትዝ ብላችሁ ሳይሆን ለግራ መሪ ያሪስ ብላችሁ ነው የምትጠይቁት። ያ መኪና ታዲያ... ተውት፣ ወደ ሌላ ይወስደኛል።

ጉምሩክ ለስም ግድ የለውም። የመጨረሻው ዋና ለውጥ የት ተደረገ ነው ጥያቄው፤ ክፍሎች ነበሩ፣ የት ላይ መኪና ሆኑ? እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረት ቻይና በተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ከመደበኛው 10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ቀረጥ ሲጥል፣ ሻንጋይ የተሠራው ቴስላ 7.8 በመቶ ተጨመረበት። ኩፕራ ታቫስካን ደግሞ የስፔኑ የሲያት ብራንድ ሆኖ ሳለ ሄፌይ ስለሚሠራ 20.7 በመቶ ደረሰበት። ስፔናዊ ስም ይዞ ስፔን ሲገባ እንደ ቻይና ዕቃ ከፈለ። አሜሪካ፣ ሜክሲኮና ካናዳ ደግሞ ቁጥር አበጁለት፤ በስምምነታቸው መሠረት ያለ ቀረጥ ድንበር ለማለፍ የመኪናው ዋጋ 75 በመቶ ከሦስቱ ሀገሮች መምጣት አለበት፤ ከመኪናው ዋጋ ደግሞ ከ40 እስከ 45 በመቶው በሰዓት በአማካይ ቢያንስ 16 ዶላር የሚከፈለው ሠራተኛ የሠራው መሆን አለበት። የሠራተኛው ደሞዝ የመኪናውን ዜግነት ሲወስን አስቡት። ይሄ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው።

ሌላም የሚከነክነኝ አለ። «ቻይና ነው» የምንለው እንደ ስድብ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1887 የእንግሊዝ ሊመስል በሚችል የውጭ ዕቃ ላይ የተሠራበት ሀገር ይጻፍ ብለው ሕግ ሲያወጡ፣ የጀርመኑን ዕቃ ገዢው እንዲሸሸው ነበር። ዛሬ ያንኑ ጽሑፍ ፈልገን ተጨማሪ ብር እንከፍላለን። ፎሻን ላይ ያንን በር ልክ አድርጎ የገጠመው ሰው ምን አጠፋ?

ለማንኛውም፣ ለእሷ በየቀኑ የሚገጥማት ይህ ነው፤ መኪናዋ ለየትኛው ገበያ ተሠራች? የቻርጅ ቀዳዳዋ ጂቢቲ ነው፣ የቻይናው። የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ነው። ቤት ውስጥ ለሚሞላው ቀስ ያለ ቻርጅ ሁለቱም ሰባት ፒን አላቸው፣ አቀማመጡም ይመሳሰላል፤ ግን ወንድና ሴቱ ተገልብጧል፣ ስለዚህ አይገባም፣ ቀላል አዳፕተር ግን ይፈታዋል። ፈጣኑ ላይ ነው ችግሩ። ጂቢቲ መኪና ከቻርጀሩ ጋር የሚነጋገረው ካን በሚባል የመልእክት ቋንቋ ነው፣ ሲሲኤስ 2 ግን በሌላ ዘዴ፣ ፒኤልሲ በሚባለው ነው። ርካሹን አዳፕተር ትሰኩታላችሁ፣ ጥርቅም ብሎ ይገባል፣ ቻርጁ አይጀምርም። መሃል ላይ የሚያስተረጉም ኮምፒውተር ያለው አዳፕተር ያስፈልጋል። አፑም የቻይና ሰርቨር ይጠብቃል። የኋላ መብራት ቢሰበር የአውሮፓ ካታሎግ ላይ አታገኘውም፤ እዚያ ገበያ አልወጣማ።

ቀጥሎ የኛው አለ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 ያለቀለት የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ ቀረጥ፣ በከፊል ተበትኖ የመጣው 5፣ ሙሉ በሙሉ የተበተነው ዜሮ ብሎ ደነገገ። በከፊል የተበተነው ብዙ ጊዜ ላሜራው ተበይዶ፣ ተቀብቶ፣ ቁጥሩ ተመትቶበት ነው የሚመጣው። እዚህ ጎማና ወንበር ታስሮለት ይወጣል፣ ኤል እንዳለ ይቀራል። ብየዳውና ቀለሙ እዚህ ቢሆንስ? ባትሪው ግን የዋጋው ትልቁ ክፍል ሆኖ አሁንም ከውጭ ቢመጣስ? በዋጋ ካየነው ቻይና፣ በእጅ ሥራ ካየነው የኛ... ቀልቤ ወደ እጅ ሥራው ያደላል፣ ሒሳቡ ግን እንቢ ይለኛል።

እህቴ፣ ተሸውጄ ነው ላልሽው፦ «ጀርመን» ተብሎ ዋጋ ከተጨመረብሽ፣ አዎ። ውሉ ላይ የስሪት ሀገር ጀርመን ተብሎ ከተጻፈም፣ አዎ። በአፍ ብቻ ከሆነና ዋጋው እንደ ሌላው አይዲ 6 ከሆነ... እኔ እንጃ። ዲክላራሲዮኑን አውጪና የስሪት ሀገር የሚለውን ቦታ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የበሩን ምሰሶ ሰሌዳም። ከውሉ ጋር ጎን ለጎን እናየዋለን፤ እስከዚያ ለደላላው ምንም አትፈርሚለት።