አስታማሚዋን ማን ይጠይቃት?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ስትሮክ ነው። ስለመታበት ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስለሚመጡት ዓመታት።

አባዬን የመታው ግራ አንጎሉን ነው። ግራው አንጎል ቀኙን ጎን ስለሚያዝ ቀኝ እጁና እግሩ አልታዘዝ አሉት። የብዙ ሰው ንግግርም የሚመራው ከግራ በኩል ነውና ቃላት ጠፉበት። የምንለውን ይሰማል፣ ይገባዋል። መልሱ ግን አይወጣለትም። ሰው ይህን ሳያውቅ ጮክ ብሎ እንደ ሕፃን ያናግረዋል። ይሄ በጣም ያመኛል።

የምንኖረው አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ አካባቢ ነው። ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። እኛ ደረጃ ጋ ግን አልደረሰም። ከስትሮክ በኋላ ሰውነት በደንብ የሚያገግመው በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ነው። ከዚያ በኋላም መሻሻል አለ፣ ግን ያዘግማል። እኛ እነዚያን ወራት ደረጃው በላብን። የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ የሚያልፈን የሚሸከም ሰው ስናጣ ነበር።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠው ነበር፣ አንድ ጎን ላይ ከቆየ ይቆስላላ። ስታነሳው ደካማውን እጁን አትጎትትም፣ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። ይህን ያሳየቻት አንዲት ደግ ነርስ ናት። የእናቴ ወገብ ግን አለቀ። ሥራዋን ተወች። እህቴም የማታ ትምህርቷን አቋረጠች። በአባዬ የሕክምና ካርድ ላይ ከዚህ አንዱም አልተጻፈም።

አንድ ቀን ሐኪሙ የአባዬን የደም ግፊት ለክቶ ሲጨርስ እህቴ «የእሷንም ይለኩልን» አለች። የእናቴ ግፊት ከአባዬ በልጦ ተገኘ። ግፊት ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚጎዳው፣ የስትሮክም ዋነኛ መንስኤ እሱ ነው። ሁለተኛ ሰው እንዲተኛብን ትንሽ ነበር የቀረን። አሁን መድኃኒት ጀምራለች፣ ሌሊቱንም ተራ ገብተን ይዘነዋል።

ጠያቂ ይመጣል፣ እግዜር ይስጠው። ሙዝና ብርቱካን ይዞ «እንዴት ዋለ?» ይልና ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቤት የምታውቁ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ሂዱና አስታማሚዋን «አንቺ ተኚ፣ እኔ አለሁ» በሏት። መጀመሪያ እሺ አትልም። እናቴም «ኧረ ግድ የለም» ማለት ታበዛለች። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ግፊቷን መቼ እንደተለካችም ጠይቋት።