በሩ ከክፍል በኋላም ይከፈት
በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት መጀመሪያ፣ በወላጆች ቀን፣ ደብረ ብርሃን ዳርቻ በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቻችን፤ እንኳን በደህና መጣችሁ። ከባሶና ወራና ቀበሌዎች ገና ሳይነጋ ተነስታችሁ በእግር የመጣችሁ አላችሁ። ከአንጎለላና ጠራ፣ ከጣርማ በር በኩል በመኪና የደረሳችሁም አላችሁ። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ለገበያ ያመጣችሁትን በግ ውጭ ለሰው አስይዛችሁ የገባችሁ እንዳላችሁ በር ላይ አይቻለሁ። ስለዚህ ጉዳዬን ከመጀመሪያው እናገራለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ የዚህ ግቢ በር ተማሪው ከክፍል ከወጣ በኋላም ክፍት ይሁንለት።

ትምህርት ቤታችን በፈረቃ እንደሚያስተምር ታውቃላችሁ። የጠዋቱ ፈረቃ 2 ሰዓት ገብቶ 6፡20 ይወጣል። የከሰዓቱ 6፡40 ገብቶ 11 ሰዓት ላይ ይወጣል። የጠዋቱ ተማሪ ሲወጣ በሩ ይዘጋበታል። ቤተ መጻሕፍቱም ሜዳውም ለተረኛው ፈረቃ ብቻ ነው። 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ሁሉም ይቆለፋል። ይህ ደንብ በክፋት የወጣ አይደለም። ሲወጣ እኔም በመምህራን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ደግፌዋለሁ። ግቢው ጠባብ ነው፣ ጫጫታው ክፍል ውስጥ ያለውን ይረብሻል፣ መጽሐፍ ይጠፋል ተባለ፤ እውነትም ነበር። ሐሳቤን የቀየርኩት ከዚያ በኋላ ባየሁት ነገር ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት በታኅሣሥ ወር አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሦስት ቀን በተከታታይ ቀረ። የክፍሉ ኃላፊ ነበርኩና ቤቱን አጠያይቄ ሄድኩ። ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ሦስቱም ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ዓርብ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሑድ ማታ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። በክፍሏ ውስጥ አንድ የጭድ ፍራሽ፣ እናቱ የላኩለት የመንዝ ባና፣ ግማሹ ያለቀ የበሶ ከረጢትና አንድ ቢጫ ጄሪካን ነበሩ። ልጁ ታሞ ነበር፤ ብርድ መቶታል። ሆኖም ጄሪካኑን አጋድሞ፣ ደብተሩን በላዩ ዘርግቶ፣ ባናውን ተከናንቦ የሕዋስ ሥዕል ይሥላል። ያን ቀን ያስተማርኩትን ከጓደኛው ደብተር እየገለበጠ ነበር። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ የእያንዳንዱ ክፍል ስም በቦታው ተጽፏል። የመጣሁት ለምን እንደቀረ ልቆጣው ነበር፤ ያሰብኩትን ሳልናገር ተቀመጥኩ። ማታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያጠና ስጠይቀው «እስከ 3 ሰዓት ነው፣ ቲቸር። ከዚያ በኋላ መብራት ይጠፋል» አለኝ። አከራይዋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሱን ሲያመው አጥሚት ሠርተው ያጠጡት እሳቸው ናቸው። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ፣ ሒሳቡም ስለሚከብዳቸው ነው የሚያጠፉት።

ያ ልጅ የጠዋት ፈረቃ ነበር። ከ6፡20 እስከ ማታ 3 ሰዓት የነበረውን ጊዜ አስቡት። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ አለ፣ ወንበር አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ መስኮቱ ብርሃን ያስገባል። ልጁ ግን ከበሩ ውጭ ነው፤ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ በጄሪካን ላይ ይጽፋል። በሩን የዘጋንበት እኛ ነን።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ታገኙታላችሁ። እኔ በእነዚያ ወራት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲደርሰኝ ማስታወሻ አላስጽፍም። እጃቸው እስክሪብቶ አይዝምና። በቃል እየጠየቅኩ እጃቸው እስኪሞቅ እጠብቃለሁ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ላይ አስራ አምስቱ እንዲህ ይሄዳል። አንድ መጽሐፍ ለሦስት የሚካፈሉበት ትምህርትም አለ። መጽሐፉን ማታ ማን ይዞት ይደር? ቤተ መጻሕፍቱ ቢከፈት ግን ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ያገኙታል።

የፈተናውን ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ትሰኛላችሁ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ ገብተው የመጀመሪያውን ብሔራዊ ፈተና የሚያገኙት በ12ኛ ክፍል ነው። እሱንም የሚወስዱት ከለመዱት ክፍል ወጥተው ነው፤ ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ብዙዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየተጓዙ ተፈትነዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻሉ ደስ ይላል። ሆኖም ከመቶ ዘጠና ሁለት ያህሉ አሁንም ይወድቃሉ ማለት ነው። እነዚያ ዘጠና ሁለቱ ሰነፎች ናቸው የሚለኝ ሰው ካለ ጄሪካኑን አሳየዋለሁ።

ማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጣለን፣ ሞዴል ፈተናም እናዘጋጃለን። ባልደረቦቼ ቅዳሜያቸውን ሰጥተው ያስተምራሉ፤ በዚህ መድረክ አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን ማጠናከሪያ ትምህርትም ያው መምህሩ የሚናገርበት ሰዓት ነው። ተማሪው ብቻውን፣ ከጓደኛው ጋር፣ የተማረውን መልሶ የሚያላምጥበት ሰዓትና ቦታ ያስፈልገዋል። ትምህርት የሚዋሐደው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ክበባት ልምጣ። በዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ አባት ቢሮ ድረስ መጥተው «ልጄን የላክኋት እንድትማር እንጂ ከክበብ ክበብ እንድትዞር አይደለም፤ ትርፍ ጊዜ ካላት ለእናቷ ውኃ ትቅዳ» አሉኝ። ተቆጥተው ነበር፤ ቁጣቸው ግን ከፍቅር የመጣ ነው። ልጃቸውን ወደ ከተማ ልከው፣ የቤቱን ሥራ ያለ እሷ እየተወጡ፣ ውጤት የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

አንዲት የመንዝ ልጅ ነበረችን። ዓመቱን ሙሉ በክፍል ውስጥ ድምጿን አልሰማሁም። ስጠይቃት ትነሳለች፣ አንገቷን ትደፋለች፣ ትቀመጣለች። የከተማዎቹ ልጆች አነጋገሯን ሰምተው ይስቁብኛል ብላ እንደምትፈራ የነገረችኝ ጓደኛዋ ናት። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አንድ ቀን ስለ መንዝ ጓሳ ለመነጋገር ተሰበሰበ። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያነበበውን አቀረበ፤ ጭላዳ አለ፣ ቀይ ቀበሮ አለ፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን ጥብቅ ቦታ ነው፣ ሕዝቡ ራሱ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠብቆታል፣ እያለ። መጨረሻ ላይ «ሕዝቡ እንዴት ጠበቀው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ አጣ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ይህች ልጅ ተነሳች።

ማንም አልጠራትም። የጓሳ ሣር ጣራ እንደሚከደንበት፣ ገመድም እንደሚገመድበት ተናገረች። አስቦና ጌራ በሚባሉት የሁለት አባቶች ዘር መካከል ቦታው እንዴት እንደተከፈለ፣ አጽመ ርስት የሚባለው ከአባት የሚወረስ የመሬት መብት ምን ማለት እንደሆነ፣ ቄሮ በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት አለቃው እንዴት እንደሚመረጥ፣ ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ በስንት ጊዜ እንደሚፈታ አስረዳች። ሳይፈታ ገብቶ ያጨደ ሰው ምን እንደሚደርስበት ስትናገር አያቷን ነው የጠቀሰችው። ስለ ሣሩ ስትናገር በእጇ የቁመቱን ልክ ታሳያለች። የሳቀባት ሰው አልነበረም። የ11ኛ ክፍሉ ልጅ ደብተሩን አውጥቶ የምትለውን መጻፍ ጀመረ። በሳምንቱ በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜዬ ላይ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ጓሳው ሲታጨድ ሥሩ ካልተነቀለ አፈሩን ይይዛል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያ ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠየቅ አላቆመችም።

ይህን ያመጣው የእኔ ማስተማር አይደለም። ክፍል ውስጥ የማላውቀውን ልጅ ክበብ ውስጥ አወቅኩት። ሚኒ ሚዲያው እንደዚሁ ነው። በዕረፍት ሰዓት ከድምፅ ማጉያው የምትሰሙትን ዜና የሚያነብቡት ልጆች አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ይሰርዛሉ፤ የአማርኛ መምህራችን እነዚያን የተሰረዙ ወረቀቶች ሰብስበው ያስቀምጣሉ። የሥነ ጽሑፉ ክበብ፣ የሳይንሱ፣ የቀይ መስቀሉ፣ የሥርዓተ ፆታው፣ ሁሉም የሚሰበሰቡበት ሰዓት ስለሌላቸው በዕረፍት 15 ደቂቃ ተጨናንቀው ይሠራሉ። ስለ ስፖርቱ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። በ1952 ዓ.ም. በጳጉሜን ወር ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የተወለደው ከዚህ ብዙም በማይርቀው ጃቶ ነው። ሜዳችን ግን ግማሹን ቀን ባዶውን ይውላል።

ስለ ሴት ልጆቻችን የምትሰጉትን እኔም እሰጋለሁ፤ የሦስት ሴቶች ልጆች አባት ነኝ። ሲመሽ ብቻቸውን እንዲሄዱ አንፈልግም። ስለዚህ የምናስበው ከሰዓት በኋላ የጠዋቱ ፈረቃ እስከ 11 ሰዓት እንዲቆይ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ የሚቆየው ደግሞ እስከ 12 ሰዓት ብቻ ሆኖ በየሰፈሩ በቡድን እንዲሄድ ነው። ውኃ የምትቀዳ ልጅ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ትፈቀድልን። ከዚያ በላይ አልጠይቅም፤ የቤታችሁን ሸክም አውቃለሁ።

ባልደረቦቼ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ይህን በር ብዙ ነገር ዘግቶት ያውቃል። በመጋቢት 2012 ኮሮና ዘጋው። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ዞናችን በዘለቀ ጊዜ ትምህርት ቆመ፤ ከዚያ በኋላም ሰላም ደፍርሶ ደውል ሳይደወል የዋለባቸው ቀናት ነበሩ። ከቤታቸው ተፈናቅለው የመጡ ልጆች ዛሬ ከእኛ ጋር ይማራሉ፤ አንዳንዶቹ ሙሉ ዓመት አጥተዋል። እነዚያን ቀናት መመለስ አንችልም፤ በሩንም እኛ አልነበርንም የዘጋነው። 6፡20 ላይ የሚዘጋው በር ቁልፍ ግን በእጃችን ነው።

መጽሐፍ ይጠፋል ለሚለው፣ አዎ፣ አንዳንዱ ይጠፋል። በመደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ ከሚያረጅ ይልቅ በልጅ እጅ ተገልጦ ተገልጦ ቢያልቅ እመርጣለሁ። ጫጫታው እንዳይረብሽ ቤተ መጻሕፍቱንና ከጀርባው ያሉትን ሁለት ክፍሎች ብቻ ለሌላው ፈረቃ እንለያለን፤ መግቢያውም በጎን በር ይሆናል። ርዕሰ መምህራችን በዚህ ተስማምተዋል። የጥበቃ ሠራተኞቻችንም ተስማምተዋል፤ አንደኛው እንዲያውም «ማታ መብራቴ ሥር መጥተው የሚያነቡት ልጆች ገብተው ቢቀመጡ ይሻለኛል» ብለውኛል።

የጎደለን የሚቆጣጠር ሰው ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ አንዲት ናት፤ ሁለቱንም ፈረቃ ቀኑን ሙሉ መያዝ አትችልም። ከእናንተ ገንዘብ አልጠይቅም። አንድ ወላጅ በወር አንድ ከሰዓት መጥቶ እንዲቀመጥ ነው የምጠይቀው። ማንበብ የማትችሉም ብትሆኑ ኑ፤ ሥራው ማስተማር ሳይሆን መገኘት ነው። ከልጆቹ አጠገብ ጋቢውን ለብሶ የተቀመጠ አባት ካለ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ባለፈው ወር ለአምስት ቀን ሞክረን አይተነዋል። ሰኞና ረቡዕን እኔ ይዣለሁ፤ የኬሚስትሪና የታሪክ መምህራን ማክሰኞና ሐሙስን ይዘዋል። ዓርብ ባዶ ነው።

እዚህ የመጣችሁ አከራዮችም አላችሁ፤ ወላጆቻቸው በሌሉበት የምታሳድጓቸው እናንተ ናችሁና ልመናዬ ለእናንተም ነው። አምፖሉ እስከ 4 ሰዓት ይብራላቸው። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ከእያንዳንዳችሁ ጋር ስለ ሒሳቡ ይነጋገራል። ልጅ ሲታመም ወይም ክፍል ሳይሄድ ሲውል ደውሉልን፤ የክፍል ኃላፊዎች ስልክ ዛሬ ስትወጡ ይሰጣችኋል።

መመዝገቢያው ከሚኒ ሚዲያው ክፍል ፊት ለፊት፣ ከጽዱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። መጻፍ ለማትችሉ ሁለት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እዚያ ቆመው ይጽፉላችኋል። አንደኛው ያ በጄሪካን ላይ የሕዋስ ሥዕል ይሥል የነበረው ልጅ ነው፤ ጽሑፉ ያምራል። ቤተ መጻሕፍቱ ሰኞ 7 ሰዓት ይከፈታል። አመሰግናለሁ።