ውርጃ፣ የሞት ቅጣት እና የመራጩ ሕሊና

አንዱ እጩ ውርጃን ይደግፋል፤ ሌላው የሞት ቅጣትን። እናንተ ደግሞ ሁለቱንም የምትቃወሙ ካቶሊክ ናችሁ። አሜሪካ ውስጥ ምርጫ በመጣ ቁጥር ይህ ጭንቀት አለ። ታዲያ ድምፅ መስጠቱ ራሱ ኃጢአት ይሆናል?

እ.ኤ.አ. በ2004 ካርዲናል ጆሴፍ ራትዚንገር፣ ያው በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው ቤኔዲክቶስ 16ኛ የተባሉት፣ ለአሜሪካ ጳጳሳት በላኩት ማስታወሻ ጉዳዩን መራጩ ልብ ውስጥ ባለው ሐሳብ ለይተውታል። እጩውን የመረጣችሁት ውርጃን ስለሚደግፍ ብላችሁ ከሆነ የክፋቱ ተባባሪ ናችሁ። አቋሙን እየተቃወማችሁ በሌላ ምክንያት ከመረጣችሁት ግን ተባባሪነታችሁ የሩቅ ነው፤ የሚመጣጠን ምክንያት ካለም ሊፈቀድ ይችላል። እንግዲህ ምክንያቱ ከሰው ሕይወት ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ግብር ይቀንስልኛል የሚል ነገር እዚህ አያዋጣም።

እዚያው ማስታወሻ ላይ የሞት ቅጣት የውርጃን ያህል እንደማይከብድ፣ ምእመናንም ሊለያዩበት እንደሚችሉ ተጽፏል። ብዙ ሰው እስካሁን የሚከራከረው ይህን ይዞ ነው። ግን በ2018 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የቤተ ክርስቲያኒቱን የትምህርት መጽሐፍ አሻሽለው የሞት ቅጣት ተቀባይነት የለውም ብለዋል፤ ከባድ ወንጀል የሠራ ሰው እንኳ ሰብአዊ ክብሩን አያጣምና። ስለዚህ «እኔ ለሕይወት ነው የቆምኩት» እያሉ ስለ ሞት ፍርደኞች ዝም ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ደግሞ የእጩውን አቋም ብቻ ሳይሆን ሥልጣኑንም እዩ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለ17 ዓመት ማንንም በሞት ሳይቀጣ ቆይቶ፣ ከጁላይ 2020 እስከ ጃንዋሪ 2021 ባሉት ወራት ብቻ ኢንዲያና ውስጥ ባለ አንድ እስር ቤት 13 ሰዎችን በመርፌ ገደለ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ከ40 የፌዴራል ሞት ፍርደኞች የ37ቱን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ቀየሩ። ያው አንድ ወንበር ነው፤ የተቀመጠበት ሰው ግን የተለያየ። ውርጃ ላይ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 ውሳኔውን ለግዛቶች ስለመለሰ፣ ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ የግዛቱ ምክር ቤትና አገረ ገዥው ይበልጥ ሊወስኑ ይችላሉ፤ ብዙ መራጭ ግን የእነሱን ስም እንኳ አያውቅም።

ሁለቱም እጩዎች አልሆን ካሉስ? የአሜሪካ ጳጳሳት የምርጫ መመሪያ ሁለት መንገድ ይተዋል፦ ለማንም አለመምረጥ፣ ይህ ግን ከተለመደው የወጣ እርምጃ ነው፤ ወይም በደንብ አስቦ፣ ያን ክፉ አቋም የማስፈጸም ዕድሉ ያነሰውንና ሌላ በጎ ነገር የሚሠራውን መምረጥ።